ጉንፋን ስንል የትኛውን ማለታችን ነው?

(የመግቢያ ሙዚቃ፦ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ከዚያ ከንግግሩ ሥር ዝቅ ይላል)

   

ዛሬ የምናወራው ስለ አንድ ክትባት ነው። የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ይባላል። "የጉንፋን ክትባት" ሲባል የሰማችሁ ትኖራላችሁ። ሰምታችሁም "ለጉንፋን ደግሞ መርፌ?" ብላችሁ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ከእሱው እንጀምር።

(ሙዚቃው ይቆማል)

እስቲ ልጠይቃችሁ። "ጉንፋን ያዘኝ" ስንል የትኛውን ማለታችን ነው?

አፍንጫችን ሲፈስ ጉንፋን እንላለን። ጉሮሯችን ሲከረክረን ጉንፋን እንላለን። ሳምንት ሙሉ አልጋ ላይ ጥሎን፣ መገጣጠሚያችን ሁሉ ተሰባብሮ፣ በትኩሳት እየነደድን ብርድ ብርድ ሲለን፣ እሱንም ጉንፋን እንለዋለን። ወይም "ምች መታኝ" እንልና ዳማከሴ ጨምቀን ከቡና ጋር እንጠጣለን።

እንግዲህ ችግሩ እዚህ ላይ ነው አድማጮቼ። የተለያዩ በሽታዎችን በአንድ ስም እየጠራን ነው። ተራው ጉንፋን ቀስ ብሎ ይመጣል፤ ያስነጥሳል፣ አፍንጫ ያፍናል፣ ሥራ ግን አያስቀርም። ኢንፍሉዌንዛ እንዲህ አይደለም። ጠዋት ደህና ሆኖ ከቤቱ የወጣ ሰው ማታ ተደግፎ ይመለሳል። ድንገተኛ ትኩሳት፣ ከባድ ራስ ምታት፣ የጡንቻ ሕመም፣ ደረቅ ሳል፣ ጉልበት ማጣት፤ ሁሉም ባንዴ ነው የሚወርደው። ሳሉ ደግሞ ትኩሳቱ ካለፈ በኋላም ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል። በአፋን ኦሮሞ "ቁፋ" የምትሉት ሳል ቤቱን ሁሉ ሌሊት የሚያስነሣው ያን ጊዜ ነው።

አንድ ነገር ግን ከአሁኑ ልበላችሁ። ትኩሳት ሁሉ ኢንፍሉዌንዛ አይደለም። እኛ ያለነው ወለጋ ነው። ዝናቡ ካቆመ በኋላ ያሉት ወራት በቆላውና በሸለቆው የወባ ወራት ናቸው። ትኩሳት የያዘው ሰው "ጉንፋን ነው፣ ይለቀኛል" ብሎ መተኛት የለበትም። ደም ይመርመር። ይህን ደግሜ እላለሁ፦ ወለጋ ውስጥ ትኩሳት ከያዛችሁ ለወባ ተመርመሩ።

(አጭር ፋታ)

በየዓመቱ ኅዳር 12 ሲደርስ ቆሻሻ ተጠርጎ፣ ደጅ ላይ ተከምሮ ይቃጠላል፤ ከተማው በጭስ ይሸፈናል። "ኅዳር ሲታጠን" እንላለን። ለመሆኑ ጭሱ ከየት የመጣ ልማድ እንደሆነ ልጆቻችሁ ቢጠይቋችሁ ምን ትሏቸዋላችሁ?

መልሱ ኢንፍሉዌንዛ ነው። በ1911 ዓመተ ምሕረት፣ በፈረንጆቹ 1918 መሆኑ ነው፣ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ኢትዮጵያም ገባ። ሕዝቡ "የኅዳር በሽታ" አለው። በዓለም ዙሪያ 50 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደጨረሰ ይገመታል። ያኔ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ነበር፤ ከሞት ተርፈው ከዓመታት በኋላ "ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ" በተባለው መጽሐፋቸው ያን ጊዜ አንስተውታል። በአዲስ አበባ ብቻ ከ10 ሺህ በላይ ሰው መሞቱንም ጽፈዋል። መቃብር ቆፋሪ የታጣበት ጊዜ ነበር።

አያቶቻችን መድኃኒት አልነበራቸውም፤ ክትባትም አልነበረም። በእጃቸው የነበረው እሳትና ጭስ ነበር፤ ስለዚህ ቆሻሻውን አቃጠሉ። በሽታውን ያመጣው ቫይረስ መሆኑ የታወቀው ከ10 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ዛሬ ግን እናውቃለን። ኢንፍሉዌንዛ ከሰው ወደ ሰው የሚሄደው በሳል፣ በማስነጠስና በእጅ ነው። ጭስ አይከላከለውም። እንዲያውም አስም ያለበት ሰውና ጨቅላ ሕፃን ያን ቀን በጭሱ ይጨነቃሉ። ቆሻሻውን ማንሣቱ መልካም ነው፤ ስታቃጥሉ ግን እባካችሁ የጎረቤታችሁን ሳንባ አስቡ።

(የክራር ድምፅ፣ ጥቂት ሰከንድ)

አሁን ወደ ክትባቱ እንምጣ። እንዴት ነው የሚሠራው?

ሰውነታችን ዘበኛ አለው። ዘበኛው አንድ ጊዜ ያየውን ሌባ አይረሳም፤ ሁለተኛ ሲመጣ በር ላይ ይይዘዋል። ክትባቱ የሌባውን ልብስ ለዘበኛው ማሳየት ነው። ሌባው ራሱ መርፌው ውስጥ የለም። በመርፌ የሚሰጠው ክትባት የተሠራው ከሞተ ቫይረስ ወይም ከቫይረሱ ቁራጭ ነው። ስለዚህ "ክትባቱ ራሱ ጉንፋን ያስይዛል" የሚባለው እውነት አይደለም። የሞተ ነገር አይባዛም፤ ካልተባዛ ደግሞ አያሳምምም።

ታዲያ ለምን በየዓመቱ ይሰጣል? የኩፍኝ ክትባት በልጅነት ይወሰዳል፤ አለቀ። ይህኛው ለምን ይደጋገማል?

ሌባው ልብሱን ይቀይራላ! ዘንድሮ ነጭ ጋቢ ለብሶ የመጣው ከርሞ ቡኒ ኮት ለብሶ ይመጣል፤ ዘበኛው አይለየውም። የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ላይ ላዩ በየጊዜው ይለዋወጣል። ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በፈረንጆቹ የካቲትና መስከረም ላይ እየተሰበሰቡ፣ ከየአገሩ ላቦራቶሪ የመጣውን መረጃ አይተው የሚቀጥለው ክትባት የትኞቹን ዝርያዎች ይያዝ የሚለውን ይወስናሉ። እኛም አገር የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ከ15 ዓመታት በላይ በተመረጡ የጤና ተቋማት ከታካሚዎች አፍንጫና ጉሮሮ ናሙና እያስወሰደ ይመረምራል። ኢንፍሉዌንዛው እዚሁ አገራችን ውስጥ እንዳለ የምናውቀው በዚህ ነው። የፈረንጅ አገር በሽታ አይደለም።

ይከላከላል ወይ? አዎ፤ ግን መቶ በመቶ አይደለም። ክትባቱ ከዘመኑ ቫይረስ ጋር በሚገባ በገጠመበት ዓመት፣ ሳይከተቡ 10 ሰዎች ታመው ሐኪም ዘንድ የሚሄዱ ቢሆን፣ በክትባቱ ከ10ሩ ከ4 እስከ 6 የሚሆኑት ይድናሉ። "ግማሽ ብቻ?" ትሉኝ ይሆናል። እኔ ግን በዚህ አልስማማም፤ ግማሽ ቀላል አይደለም። የተከተበ ሰው ቢይዘው እንኳ ሆስፒታል የመግባትና የመሞት ዕድሉ ይቀንሳል። ለተራው ጉንፋን ግን አይሠራም። ተከትቦ አፍንጫው የፈሰሰ ሰው "ክትባቱ ውሸት ነው" ሲል ብትሰሙት፣ የያዘው ሌላኛው እንደሆነ ንገሩት።

እንግዲህ ያዙልኝ። አንደኛ፣ ክትባቱ ለኢንፍሉዌንዛ እንጂ ለተራ ጉንፋን አይደለም። ሁለተኛ፣ በየዓመቱ ነው። ሦስተኛ፣ መከላከል የሚጀምረው ከመርፌው ወደ ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ነው፤ በሽታው ቤት ከገባ በኋላ መሮጥ ይዘገያል።

(ሙዚቃ፦ አጭር መሸጋገሪያ)

እስቲ አሁን አንድ ቤት በዓይነ ሕሊናችን እንሳል። ቤቱ እዚህ ነቀምቴ፣ ጨለለቂ ነው እንበል። 70 ዓመት የሞላቸው አያት አሉ፤ ስኳር አለባቸው። ምራታቸው የ7 ወር ነፍሰ ጡር ናት። የ2 ዓመት ልጅ አለ። አባወራው ባጃጅ ነጂ ነው። እህቱ ደግሞ ሆስፒታል የምትሠራ ነርስ ናት።

ነርሷ እናቷን እንዲህ ትላቸዋለች፦ "እማዬ፣ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ብናገኝ ላስከትብዎት።"

እናት፦ "ለእኔ ለአሮጊቷ ምን ያደርግልኛል ልጄ? ለሕፃኑ ይሁን።"

ይህ የእናት ንግግር ነው። ሁልጊዜ ለልጅ ይሁን ትላለች። ግን እናንተ ፍረዱ አድማጮቼ። በዚህ ቤት ክትባቱ መጀመሪያ ለማን ይገባል?

(የሦስት ሰከንድ ፋታ)

ለአያትየው ይገባል። ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ ስኳርም አለባቸው። ስኳር፣ የልብ ሕመም፣ አስም፣ የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው፣ ከኤች አይ ቪ ጋር የሚኖር ሰው፣ ኢንፍሉዌንዛ ሲይዘው በቀላሉ ወደ ሳንባ ምች ይዞርበታል። እንዲህ ላለ ሰው ሳሉ ብቻ አይደለም የሚያሠጋው፤ የቆየው ሕመሙ አብሮ ይነሣበታል።

ለነፍሰ ጡሯም ይገባል። እንዲያውም እሷ ጋ ትንሽ ልቆይ። ነፍሰ ጡር ስትሆን ልቧና ሳንባዋ የሚሠሩት ለሁለት ነው፤ ኢንፍሉዌንዛ ሲጨመርበት ከሌላው ሴት ይልቅ ይከብዳታል። ሌላም ነገር አለ። ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን ይህ ክትባት አይሰጥም። ታዲያ ጨቅላውን ማን ይጠብቀዋል? እናቱ! በእርግዝና ጊዜ ስትከተብ ሰውነቷ የሠራው መከላከያ ወደ ጽንሱ ያልፋል፤ ከተወለደ በኋላም ለመጀመሪያዎቹ ወራት ይጠብቀዋል። አንድ መርፌ፣ ሁለት ነፍስ። የመርፌው ክትባት በየትኛውም የእርግዝና ወር ሊሰጥ ይችላል።

የ2 ዓመቱ ልጅም ከሚገባቸው ነው፤ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያሉ ሕፃናት በበሽታው ይጎዳሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚከተብ ልጅ፣ ዕድሜው ከ9 ዓመት በታች ከሆነ፣ በ4 ሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ መውሰድ ይኖርበታል። ነርሷም ይገባታል፤ ከታካሚ ትወስዳለች፣ ለታካሚ ትሰጣለች፣ ማታ ደግሞ እናቷ ጋ ትገባለች።

ባጃጅ ነጂውስ? ቅድሚያ ከሚሰጣቸው ውስጥ አይደለም፤ ጎልማሳና ጤነኛ ነው። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ የስንቱን ሳል ተሸክሞ ማታ ቤቱ የሚገባ እሱ ነው። ክትባቱ ከተረፈ ለእሱም መልካም ነው።

(ሙዚቃ ከሥር በቀስታ)

አሁን ዋናው ጥያቄ። "እሺ፣ ገባን። የት እናገኘዋለን?"

እውነቱን ሳልሸፋፍን ልንገራችሁ። በአገራችን የኢንፍሉዌንዛ ክትባት በጤና ጣቢያና በጤና ኬላ በነፃ ከሚሰጡት መደበኛ ክትባቶች ውስጥ አልገባም። ነገ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ "የለም" ብትባሉ ባለሙያዋን አትቆጧት፤ እሷ አልደበቀችውም። አልፎ አልፎ የሚገኘው በግል ጤና ተቋማት፣ ይበልጡን በአዲስ አበባ፣ በክፍያ ነው። ለዲቪ ወይም ለቤተሰብ ቪዛ የሕክምና ምርመራ ያደረገ ዘመድ ያላችሁ ስሙን ከእሱ ሰምታችሁ ይሆናል። ለሐጅ የሚሄዱ ወገኖቻችንም እንዲወስዱት ይመከራሉ። ውጭ አገር ያሉ ልጆቻችሁ ደግሞ በየዓመቱ ይወስዱታል።

እና መጠየቅ አለባችሁ። በነቀምቴ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልም ሆነ በወለጋ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራል ሆስፒታል ክትትል ያላችሁ፣ የስኳር ወይም የልብ ቀጠሮ ያላችሁ፣ የእርግዝና ክትትል የምታደርጉ፣ ለሐኪማችሁ እንዲህ በሉ፦ "የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ያስፈልገኛል ወይ? የት አገኛለሁ?" ጉንፋን አትበሉ፤ ኢንፍሉዌንዛ በሉ። ስሙን ስትጠሩ ሐኪሙ የምትፈልጉትን በትክክል ያውቀዋል።

ካገኛችሁት በኋላ ሦስት ነገር አደራ እላችኋለሁ።

የመጀመሪያው ዓመቱ ነው። ክትባቱ የዘንድሮ ይሁን፤ የአምናው ለዘንድሮው ሌባ አይሆንም። የሚያበቃበትን ቀን አስነብቡ። ስታነቡ ግን አስተውሉ፦ ጥቅሉ ላይ የተጻፈው ዓመት የፈረንጆች ነው! እኛ 2018 ስንል ጥቅሉ ላይ 2025 የሚል ቁጥር ያየ ሰው "ገና 7 ዓመት አለው" ብሎ ሊሳሳት ይችላል። 7 ዓመት የለውም። አብቅቶ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ቅዝቃዜው ነው። ይህ ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ መቀመጥ አለበት። ቢሞቅ ይበላሻል፤ በረዶ ቢሆንም ይበላሻል። ስለዚህ ከአዲስ አበባ በአምቦና በባኮ አድርጎ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ በሚመጣ አውቶቡስ፣ በዘመድ ቦርሳ፣ በፌስታል ተጠቅልሎ የሚላክ ክትባት አታስመጡ። በረዶ ውስጥ ቀብሮ መላክም መፍትሔ አይደለም። መልኩ አይለወጥም፤ አይታችሁ አታውቁትም። ክንዳችሁን ተወግታችሁ፣ ገንዘባችሁን ከፍላችሁ፣ ያልተከተባችሁ ትሆናላችሁ። ከዚያ ይልቅ አዲስ አበባ ለጉዳይ ስትሄዱ እዚያው፣ ፍሪጅ ካለው ጤና ተቋም፣ በባለሙያ እጅ ተከተቡ።

ሦስተኛው፣ ከመወጋታችሁ በፊት ተናገሩ። ከዚህ በፊት በክትባት ምክንያት ትንፋሽ ያጠረው፣ ፊቱ ያበጠ፣ ራሱን የሳተ ሰው ለባለሙያው ይንገር። ነርቭ ላይ በደረሰ ሕመም ድንገት እጅ እግሩ ሰንፎበት የነበረም ይናገር። በከባድ ትኩሳት ላይ ያለ እስኪሻለው ይቆይ። ከተወጋችሁ በኋላ 15 ደቂቃ ያህል እዚያው ተቀመጡ። ክንድ ይታመማል፣ ትንሽ ትኩሳት ይኖራል፤ በአንድ ሁለት ቀን ይለቃል።

(አጭር ፋታ)

"ክትባቱ እስኪመጣ እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ?" የሚል አድማጭ አይጠፋም። በፍጹም።

የኅዳር በሽታ ጊዜ ብዙውን ሰው የገደለው ኢንፍሉዌንዛው ብቻ አልነበረም። እሱ በሩን ከፈተ፤ ከኋላው የገባው የባክቴሪያ ሳንባ ምች ጨረሰው። ይኸውላችሁ ለዚህ ለሁለተኛው ጠላት ክትባት አለን፤ በነፃ አለን፤ ጨለለቂም አለን። የሳንባ ምች ክትባት ከ2004 ዓመተ ምሕረት ጀምሮ ለሕፃናት ይሰጣል፤ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት። ኩፍኝም ሳንባን የሚጎዳ በሽታ ነው፤ ክትባቱ በ9 ወር እና በ15 ወር ይሰጣል። ስንቷ እናት የሳንባ ምቹን ክትባት የመጀመሪያውን አስወግታ ሦስተኛውን ትረሳለች! ካርዱን ከሣጥን አውጡና እዩት።

አራስ ጥየቃ ስትሄዱስ? ገንፎው ይበላል፣ ምርቃቱ ይወርዳል፣ ሕፃኑ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ ይሳማል። የምትስሉ ከሆነ እባካችሁ ያን ቀን ቅሩ። "ቀረች" ብሎ የሚቀየም ቢኖር እንኳ ቅሩ፤ ስትድኑ ትጠይቃላችሁ። እጅ ታጠቡ፣ በክንዳችሁ እጥፋት ሳሉ፣ ቡና ሲፈላ መስኮቱን ክፈቱ።

ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን ገዝታችሁ አትዋጡ። አንቲባዮቲክ ቫይረስ አይገድልም። ሐኪም መርምሮ ሳንባ ምች ነው ካለ ያን ጊዜ በታዘዘው ልክ ይወሰዳል። ለልጆች ትኩሳት አስፕሪን አትስጡ፤ ከኢንፍሉዌንዛ ጋር ሲገናኝ ጉበትና አንጎል የሚጎዳ ብርቱ ችግር ሊያመጣ ይችላል። ዳማከሴውን ጠጡ ብዬ አልከለክላችሁም፤ ዳማከሴ እየጠጣችሁ ሐኪም ቤት መሄዱን ግን አታዘግዩ።

መቼ ነው የሚኬደው? ሕፃኑ ትንፋሹ ሲፈጥን፣ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ሲሰረጉድ፣ ጡት አልጠባ ሲል፣ ሲያንቀጠቅጠው፤ በዚያው ሰዓት። ትልቅ ሰው ትንፋሽ ሲያጥረው፣ ደረቱን ሲወጋው፣ ንግግሩ ሲምታታበት፣ ወይም ተሽሎት ሳለ ትኩሳቱ እንደገና ሲነሣበት፤ በዚያው ሰዓት። ነፍሰ ጡር ከሆነች ትኩሳቱ እንደጀመራት፣ ሳታድር ትሂድ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ ቀስ ብሎ ይገባል)

እናቶች፣ 14 ሳምንት የሞላው ልጅ ካላችሁ ነገ ጠዋት ካርዱን ይዛችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ስኳር ወይም አስም ያለባቸውን አባትና እናት የምትጦሩ ልጆች፣ በሚቀጥለው ቀጠሯቸው ሐኪሙን ስለ ኢንፍሉዌንዛ ክትባት ጠይቁላቸው። "ለሕፃኑ ይሁን" ካሏችሁም፣ ሕፃኑን ጠዋት ማታ ታቅፈው የሚውሉት እሳቸው እንደሆኑ ንገሯቸው።

(ሙዚቃው ከፍ ይላል)